የአንድ እጅ ጓንት

ጥቅምት፣ አበርዲን ነው፤ ቀን ሳይነጋ መሽቷል፣
የድንጋዩ ከተማ ዝናብ ተከናንቧል፣
ከመስኮቱ ውጪ የባሕር ወፍ ይጮኻል፣
ክፍሉ በእርጥብ ካፖርት ሽታ ታፍኗል።

መምህርት ኢዝቢስተር መነጽሯን ወልውላ
ከቦርሳዋ አወጣች አንዲት ነገር ጠቅልላ።
ጠረጴዛው ላይ ጣል፦ የሱፍ ጓንት፣ የሕፃን፣
ብል የበላት አውራ ጣቷን፣
ያንድ እጅ፣ ብቻዋን።
«ምንድን ነው?» አለችን።
«ማስረጃ!» አልን በአንድ አፍ፣ ሠላሳ አንድ ሆነን።

«ጓንት ነው» አለች እሷ፤ «ከሱፍ የተሠራ።
ማስረጃ የሚሆነው ሲገናኝ ነው ከጭብጡ ጋራ፤
ጭብጥ ያልገባበት ጓንት
ባዶ ነው፣ ቢያነሡት ቢጥሉት።»

ከዚያም ነገረችን። ሸትላንድ ላይ፣ በበረዶ፣
የሃልክሮ ወንድም ጀልባ ከነመረቡ ነዶ።
ወይዘሮ ሃልክሮ፣ ባሏ የሞተባት፣
መስኮቷ ላይ ቆማ (ጥርሷ ነው የቀሰቀሳት)
ሊስክን አየችው፤ ሲገባ በፋኖስ፣
ሊስክን አየችው፤ ባዶ እጁን ሲመለስ።

ፍርድ ቤት ቀረበች፤ ማለች እጇን አንሥታ፤
ጠበቃው በጥያቄ ቢያዋክባት ጠዋት ማታ
ቃሏ አልተሰበረ፣ ዓይኗ አልዋለለ፤
ዳኛውም አምኗታል፤ ፊቱ ይናገር ነበረ።
ማመን ግን አይበቃም፤ ያገሩ ሕግ አለ፤
አንድ ዓይን ያየው ነገር ደጋፊ ካልታከለ
አንድ እጅ አያጨበጭብም።
ሊስክ ነጻ ተባለ።

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ፣
ዳቦ ቤት ተገናኙ፤ ሲገባ፣ ስትወጣ።
«ደህና ዋሉ» ይላታል፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፤
ትመልሳለች እሷም፤
ሰላምታ ምን ያስከስሳል ከቶ።

«ያንኑ ሌሊት» አለ ፊንሌይ ጌዲስ ከኋላ፣
«ለአሥር ጎረቤት ነግራ የለም? እነሱ አይሆኑም ሌላ?»
«ከአንዲት ምንጭ ቀድተህ አሥር እንስራ ብትሞላ
ስንት ምንጭ አገኘህ?» አለችው። ጌዲስ ጆሮው ቀላ።

«ግፍ ነው!» አለች ሞርቬን፣ የፖሊሱ ልጅ።
«ነው» አለቻት ቀስ ብላ። «ነገ ግን ባንቺ ላይ
ደመኛሽ ‹አየሁ› ሲል፣ ይኸው ሕግ ነው ወዳጅ።»

ሰዓቱ አለቀ፤ ወጡ። እኔ ብቻ ቀረሁ።
«ጓንቷ ግን» አልኳት፣ «ታሪኩ ውስጥ የት ገባች? አልሰማሁ።»
ጓንቷን ለመልበስ ሞከረች፤ አልፎ አልገባም ከሁለት ጣት።
«ሰባት ዓመቴ ነበር» አለች። «የጠፋብኝን ጓንት
ፍለጋ ወጥቼ፣ ከግንቡ ሥር ነበርኩ፣ ያን ሌሊት።
ሲገባ አየሁት። ሲወጣ አየሁት።
አባቴ በሊስክ ጀልባ ነበር እንጀራው፤
ለማን ልንገረው?
ማንም ደግሞ አልጠየቀኝ።
ሕግ ተምሬ ስመለስ ሃልክሮ ሞታለች፤
አሁን እኔም አንድ ነኝ» አለች።
ጓንቷን ጠቀለለች፤ ቦርሳዋ ከተተች፤
«ይህ ለፈተና አይመጣም» ብላ መብራቱን አጠፋች።

መጣ ግን። በግንቦት። አራተኛ ጥያቄ።
አንዲት መበለት፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ሰው ከነፋኖሱ፤
ይበቃል? አይበቃም?
«አይበቃም» ብዬ ጻፍኩ፣ አንቀጹን ጠቅሼ፣ በጣም ተጠንቅቄ።

ሙሉ ማርክ ሰጠችኝ። በቀይ ቀለም፦ «ትክክል»።
ብዕሯ ግን ወረቀቱን ተጭኖት ኖሯል በኃይል፤
ገልጬ ብዳስሰው ቀጣዩን ባዶ ገጽ
ቃሉ በጣቴ ተነበበ፣
ያለ ቀለም፣ ያለ ድምጽ።